የሕንጻ የእርጅና ቅናሽን ማፋጠን፤ ጥቅሙና የሚያስከፍለው ዋጋ

መንግሥታት ኢንቨስትመንትን ለማበረታታት ከሚጠቀሙባቸው የግብር መሣሪያዎች አንዱ የእርጅና ቅናሽን ማፋጠን ነው፡፡ በሪል ስቴት ዘርፍ ይህ አሠራር በአሜሪካ ከአርባ ዓመታት በላይ የተፈተነ በመሆኑ፣ ውጤቱም ጉዳቱም ለፖሊሲ አውጪዎችና ለግብር አስተዳደር ባለሙያዎች ትምህርት ይሰጣል፡፡

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት መሬት የእርጅና ቅናሽ አይታሰብለትም፡፡ ለመኖሪያነት የሚከራይ ሕንጻ ዋጋ በ27 ዓመት ተኩል፣ የንግድ ሕንጻ ደግሞ በ39 ዓመታት ተከፋፍሎ ይቀነሳል፡፡ ይሁንና ባለሀብቱ የሕንጻውን ወጪ በባለሙያ አስጠንቶ በየክፍሉ ሊመድበው ይችላል፡፡ ተነቃይ ምንጣፍና የመሳሰሉት በ5 ዓመት፣ የመኪና ማቆሚያና አጥር በ15 ዓመት ከሚያረጁት ንብረቶች ይመደባሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ የእነዚህን አጭር ዕድሜ ያላቸው ንብረቶች ሙሉ ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት መቀነስን ፈቀደ፡፡ ምጣኔው ከ2023 ጀምሮ በየዓመቱ ሲቀንስ ቆይቶ፣ ሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ከጥር 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገዙ ንብረቶች መቶ በመቶውን በቋሚነት መልሶታል፡፡

ለአብነት ያህል የ39 ሚሊዮን ዶላር የንግድ ሕንጻ በመደበኛው ስሌት በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ያስቀንሳል፡፡ ከዚህ ውስጥ 10 ሚሊዮኑ አጭር ዕድሜ ባላቸው ንብረቶች ከተመደበ፣ ይኸው ገንዘብ በአንድ ዓመት ይቀነሳል፤ 21 በመቶ ግብር ለሚከፍል ድርጅትም 2 ነጥብ 1 ሚሊዮን ዶላር በእጁ ያቆያል፡፡ በዘመኑ ሁሉ የሚቀነሰው ጠቅላላ ገንዘብ ግን አይጨምርም፡፡ ጥቅሙ ግብሩን በማዘግየት የሚገኝ፣ ከወለድ ነጻ ከሆነ ብድር ጋር የሚመሳሰል ነው፤ የጊዜውን ልዩነት የሚሸከመውም ግምጃ ቤቱ ነው፡፡

ማፋጠኑ ከልክ ሲያልፍ የሚያስከትለው ጉዳት በ1980ዎቹ ታይቷል፡፡ በ1981 የወጣው ሕግ የሕንጻን የእርጅና ዘመን ወደ 15 ዓመት አሳጠረው፡፡ ብዙ ባለሀብቶች ከኪራይ ገቢ ይልቅ በወረቀት ላይ የሚታየውን ኪሳራ ለግብር መቀነሻ ፈልገው ገነቡ፤ ተከራይ ያላገኙ ቢሮዎችም በረከቱ፡፡ ኮንግረስ ዘመኑን በ1984 ወደ 18፣ በ1985 ወደ 19 ካራዘመ በኋላ፣ በ1986 ለመኖሪያ 27 ዓመት ተኩል፣ ለንግድ 31 ዓመት ተኩል አደረገው፤ ባለሀብቱ በማይሳተፍበት ሥራ የሚደርስ ኪሳራ ከሌላ ገቢ እንዳይቀነስም ገደበ፡፡ ለንግድ ሕንጻ የተወሰነው 39 ዓመት የመጣው በ1993 ነው፡፡

ከ1986 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ከ1,000 በላይ የቁጠባና ብድር ተቋማት ወድቀዋል፡፡ ለዚህም የላላ ቁጥጥርና የነዳጅ ዋጋ መውደቅ ዐበይት ምክንያቶች ሲሆኑ፣ በግብር ማበረታቻ የተገፋው የሕንጻ ብዛትና የ1986 ድንገተኛ የሕግ ለውጥም ችግሩን አባብሰዋል፡፡

በአገራችን በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ለሕንጻ የመደበው ምጣኔ በዓመት 5 በመቶ ሲሆን፣ ይህም ወጪውን በ20 ዓመት የሚያጠናቅቅ ነው፡፡ ከአሜሪካ ተሞክሮ እንደሚታየው ማበረታቻው ውጤታማ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፡፡ እነዚህም የሕንጻና የመሬት ዋጋ በትክክል መለየቱ፣ ምደባውን የሚመረምር ብቁ ባለሙያ መኖሩና ሕጉ በየጊዜው የማይዋዥቅ መሆኑ ናቸው፡፡ እነዚህ በሌሉበት ማፋጠኑ የሚያበዛው አገልግሎት የሚሰጡ ሕንጻዎችን ሳይሆን ለግብር ሲባል የተገነቡትን ይሆናል፡፡