ሦስቱ ኳሶች

አርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ፣ ጫካው ውስጥ የሚፈልቁትን ምንጮች አንድ፣ ሁለት እያለ አርባ ላይ ለመድረስ የሚለፋ ሰው ብናይ እንስቅበታለን። አርባው ብዛትን መንገሪያ ነውና። ፕሮቶንን ግን እንዲሁ ቆጥረን እናስተምራለን፦ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ ውስጡ ኳርክ የሚባሉ ሦስት ኳሶች፣ ሁለት «አፕ»፣ አንድ «ዳውን»፤ አለቀ።

አላለቀም። የሦስቱን ኳርኮች መጠነ ቁስ ደምሩት፤ 9 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሆናል። ፕሮቶኑ ግን 938 ነው። ከመቶ አንዱን ስሎ ዘጠና ዘጠኙን የሚተው ሥዕል ማቅለያ ሳይሆን ስህተት ነው። የቀረው የኳርኮቹ ሩጫና አጣብቀው የያዟቸው ግሉዎኖች ጉልበት ነው። በፕሮቶኑ ውስጥ ኳርክና ፀረ ኳርክ ሳያቋርጡ ይፈጠራሉ፣ ይጠፋሉ፤ «ሦስት» የምንለው ፀረ ኳርኮቹ ተቀንሰው የሚተርፈውን ነው። ነጋዴ እንኳ ትርፉን ቆጥሮ ካፒታሌ ይኸው ነው አይልም።

የባሰው ኳርክ «ታስሯል» የሚለው አነጋገር ነው። እስረኛ ሳይታሰር በፊት ነፃ ነበር፤ ኳርክ ግን ለብቻው ሲሄድ የታየበት ጊዜ የለም። ዶርዜ ላይ ጥጥ የምትፈትል እናት የተሻለ ታስረዳ ነበር። የክሩን አንድ ጫፍ ብቻውን ስጪኝ በሏት። ብትበጥሰው ሁለት ክር፣ አራት ጫፍ ነው የምታገኙት። ኳርኮችን ስታራርቁም በመካከላቸው የተወጠረው የግሉዎኖች ክር 16 ቶን ገደማ በሚያነሣ ኃይል ይጎትታል፤ እንደ ማግኔት በርቀት አይደክምም። ሲበጠስ ደግሞ በተበጠሰበት ቦታ አዲስ ኳርክና ፀረ ኳርክ ይወለዳሉ። ጫፎቹ ሲቀራረቡ ግን ክሩ ይረግባል፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ግሮስ፣ ዊልቼክና ፖሊትዘር እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን በስሌት አሳይተው በ2004 ኖቤል ተሸለሙ።

«ለጀማሪ ይከብዳል» የሚሉኝ አሉ። ፈትል እያየ ለሚያድግ የጋሞ ልጅ ክር ከኳስ በምን ይከብዳል? ደግሞስ የተዘጋ ነገር አስመስሎ ማስተማር ምን ይሉታል? የፊዚክስ ሊቁ ዊልሰን በ1974 ቦታና ጊዜን እንደ መረብ ከፋፍሎ ካሰላ ወዲህ ኮምፒውተር የፕሮቶኑን መጠነ ቁስ አውጥቷል፤ ይህ ሁሉ የቆመበትን ንድፈ ሐሳብ መሠረት በሒሳብ አጽንቶ ለሚያረጋግጥ ግን የክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 የመደበው አንድ ሚሊዮን ዶላር ዛሬም ወሳጅ አላገኘም።

ፈተናው ላይ ግን «ፕሮቶን ስንት ኳርክ አለው?» ይባላል። «3» ያለ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። የቀረው 929 የት ገባ ብሎ የጠየቀ፣ ሰዓት አልቋል ይባላል።