የካዞርላ ደመወዝ

ቀኑን ሙሉ የሰው ደመወዝ በሰው ሒሳብ ስመዘግብ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ ስለ ሳንቲ ካዞርላ ስጽፍ ከጎሎቹ ደመወዙ ቢቀድምብኝ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

በኦቪዬዶ ያደገው ይህ አማካይ፣ ክለቡን ዕዳ ሲጥለው እ.ኤ.አ. በ2003 ገና በ18 ዓመቱ ወደ ቪያሪያል ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙዎች ያውቁታል፤ ከስፔን ጋር ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ፣ አርሰናል፣ በቀኝም በግራም እኩል የሚመታ እግር (ዋናው የትኛው እንደሆነ ዛሬም እንከራከራለን)። በ2016 ተጎዳ። ቁስሉ አመርቅዞ ከአኪለስ ጅማቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል በላ። ሐኪሞች ከክንዱ ቆዳ ወስደው ሲለጥፉለት፣ በዚያ የተነቀሰው የልጁ ስም በከፊል ወደ እግሩ ወረደ። ገጣሚ ወዳጆቼ ይህን ምስል አብዝተው ይወዱታል። ነገር ግን ይህ የደረሰበት እንጂ የመረጠው አይደለም።

የመረጠው በ2023 ነው። በሁለተኛው ዲቪዚዮን ወደሚጫወተው ኦቪዬዶ ተመልሶ «በነጻ ልጫወት» አለ፤ ሕጉ ስለማይፈቅድ ዝቅተኛውን ደመወዝ ተቀበለ፤ ከማልያው ሽያጭም 10 በመቶው ለታዳጊዎች ማሠልጠኛ እንዲውል አደረገ። በሰኔ 2025፣ በ40 ዓመቱ፣ ሚራንዴስ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ፤ ክለቡም ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ላሊጋ ተመለሰ።

ጠባሳውን ለወዳጆቼ ትቼላቸዋለሁ። እኔ የጀመርኩት ግጥም ከዚያ የደመወዝ ወረቀት አላለፈም።