ስንት ሰጠን? ወይስ ምን ተለወጠ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችን የወጣቶች ጀመዓ ብር አዋጥቶ ባሎቻቸው ለሞቱባቸው እናቶች የስፌት መኪና ገዛ። ቀኑ ድምቅ ያለ ነበር። ኡስታዛችን ዱዓ አደረጉ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ለጠፍነው። "ማሻአላህ" እና "ጀዛኩሙላሁ ኸይር" ጎረፈ። እኔም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ዓመት ሊሞላው ሲል እናቴ ልካኝ ከእነዚያ እናቶች ወደ አንዷ ቤት ጎራ አልኩ። መኪናዋ የለችም። "የኔ ልጅ፣ አትቀየመኝ፤ ለቤት ኪራይ ሸጥኳት" አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። መስፋት አቅቷቸው አልነበረም። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ መኪናዋ ስትገባ ልጆቹ የሚተኙበት ቦታ ጠፋ። ጨርቅና ክር መግዣም አልነበራቸውም። "ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገሩንም?" ስላቸው "ማን ጠየቀኝ?" አሉኝ።

ይህች "ማን ጠየቀኝ?" እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። በእኛ ሪፖርት ግን እኚህ እናት "ራሳቸውን እንዲችሉ ከተደረጉት" መካከል ተቆጥረዋል።

ወገኖቼ! በደግነት አንታማም። ረመዳን ሲመጣ ስንት ወጣት እንቅልፉን አጥቶ አስቤዛ ሲያዞር እናያለን። ችግራችን የምንቆጥረው ነገር ላይ ነው። የሰጠነውን እንቆጥራለን፤ የተለወጠውን አንቆጥርም። ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ዘይት፣ ይህን ያህል ደብተር እንላለን። ደብተር የሰጠነው የቲም ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ነው ያለው ወይስ የሊስትሮ ሳጥን ይዞ መንገድ ላይ? ይህንን የሚያውቅ ጀመዓ ጥቂት ነው።

በትልልቅ ድርጅቶችም የሚደርስ ስህተት ነው። በደቡብ አፍሪካ "ፕሌይ ፓምፕ" የሚባል የውሃ ፓምፕ ተሠርቶ ነበር። ህፃናት እየተሽከረከሩ ሲጫወቱበት ከጉድጓድ ውሃ ስቦ ወደ ታንከር ያወጣል። ሐሳቡ ያየውን ሁሉ ማረከ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ መንግሥትና ሌሎች ለጋሾች 16.4 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጡ ቃል ገቡ፤ እስከ 2010 ድረስ 4,000 ፓምፕ ለመትከል ታቀደ። አንዳንድ ቦታ ደህና ይሠራ የነበረ የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ ይህኛው ተተከለ። ህፃናቱ ሲሰለቹ ግን ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሊያሽከረክሩት ተገደዱ። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ሲያሰላው፣ አንዱ ፓምፕ ለታሰበለት 2,500 ሰው ውሃ እንዲያዳርስ ህፃናቱ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው! ዕቅዱ ግቡን ሳይመታ ቆመ። እዚያም ቢሆን ውሃ የምትቀዳዋን ሴት አስቀድሞ በቅጡ የጠየቃት አልነበረም።

"እኛ ለአላህ ብለን ነው የሠራነው፤ ውጤቱ የሱ ነው" የሚል ወንድም አይጠፋም። ልክ ነው፤ ውጤት በአላህ እጅ ነው። ገንዘቡ ግን የእኛ አይደለም። ከጉሊት ነጋዴዋ፣ ከባጃጅ ሾፌሩ፣ አረብ ሀገር በሰው ቤት ከምትደክመው እህታችን የተሰጠን አማና ነው። ንያችን ማማሩ አማናው የት እንደደረሰ ከመጠየቅ አያድነንም። ተወኩልም ቢሆን ግመሉን ካሰሩ በኋላ ነው።

የኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክ ሁላችንም የሰማነው ነው። በሌሊት ሲዞሩ ልጆቿ በረሀብ የሚያለቅሱባት እናት አገኙ። ዱቄቱን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው አመጡ፤ አብስለውም አበሏቸው። እኛ ስንተርከው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። እሳቸው ግን ወዲያው አልሄዱም። ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ ሲያለቅሱ ያገኟቸው ልጆች ሲስቁ እስኪያዩ ድረስ ጠበቁ። ዱቄቱ መድረሱ አልበቃቸውም፤ ለቅሶው መቆሙን ማየት ፈለጉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ይበቃል።

አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ባለጉዳዩን እንጠይቅ። የጎደላቸውን ከእኛ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ያሉበትን ሁኔታ እንጻፍ። ኪራይ ስንት ወር ተጠራቅሟል? ልጆቹ ይማራሉ? መነሻው ካልተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ ለውጥ መኖሩን በምን እናውቃለን?

ሦስተኛ፣ ከሰጠን በኋላ እንመለስ። በወር አንዴ እንደውል፤ እናቶች ቤት እህቶቻችን ይሂዱ። ካሜራ ግን ቤት ይቅር! ጥየቃ እንጂ ምርመራ እንዳይሆን፤ የተረጂ ክብር ከሪፖርታችን ይበልጣል።

አራተኛ፣ ያልተሳካውን ለለጋሾቻችን እንናገር። "ይህ አልሠራም፤ በሚቀጥለው እንዲህ እናደርጋለን" የሚል ጀመዓ ይበልጥ ይታመናል እንጂ አይናቅም።

እኛም ዘግይተን ቢሆን ሌሎቹን እናቶች ዞረን ጠየቅን። አልሐምዱሊላህ፣ እየሰፉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አገኘን። የሸጡም አገኘን። የተሳካላቸው ከመኝታ ቤታቸው ሌላ መሥሪያ ቦታ የነበራቸው ናቸው። ይህችን ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ለአንዳንዶቹ ከመኪናው በፊት የምንከራየው አንዲት የጋራ ክፍል ነበረች።

ወንድሜ፣ እህቴ! የዘንድሮውን አስቤዛ ከማዞራችሁ በፊት አምና ከሰጣችኋቸው ቤቶች አንዱን አንኳኩና "እንዴት ከረማችሁ?" በሉ። ከዚያም መልሱን ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ አማናውንም ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን!