ድምፁ ጠፋ፣ መርዙ ገባ

ስለ ቮልስ ብዙ ተጽፏል። የወጣትነት ትዝታ ተጽፏል፤ የአባት መታሰቢያ ተጽፏል፤ ዳገት ላይ ያቃሰተችው ማቃሰት ሳይቀር በግጥም ተዘርዝሯል። ታሪክ ወዳዶቻችንም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወጡ የተሳፈሩባት መኪና ቮልስ እንደ ነበረች ሳያስታውሱን አያልፉም። እኔም ከእነዚሁ ጸሐፊዎች ወገን ነኝ፤ ስለዚህ ዛሬ የምሰነዝረው ዱላ አስቀድሞ የሚያርፈው በገዛ ጀርባዬ ላይ ነው። ስለ ቅርጿ ጻፍን፣ ስለ ቀለሟ ጻፍን፤ ስለ ጭሷ የጻፈ ግን አላየሁም።

በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስ ከአባቴ ወርሻለሁ። ቀለሟን ሁለት ጊዜ አድሻለሁ፤ ወንበሯን አልብሻለሁ፤ በሠርግ ቀን አበባ አስሬላታለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ጠዋት ስትነሣ ከኋላዋ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመር። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ጭስ ነው የሚተነፍሰው። ድምፅ ብቻ ነው፤ በብየዳ እደፍንልዎታለሁ» አለኝ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ድምፁ ጠፋ። እጁን ጨብጬ፣ መርቄው ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ እናቴን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ጉዞ ጀመርን። ሰንዳፋን ስናልፍ ዝናቡ በረታ፤ መስተዋቱ በጉም ተሸፈነ። መስኮቶቹን ዘግቼ የሙቀቱን ማንሻ ከፈትኩ። ሸኖ ሳንደርስ እናቴ ራሷን ያዘች። «ምነው ልጄ፣ ደከመኝ፤ ሆዴንም ያቅለሸልሸኛል» አለች። ብርዱ ነው አልኳት። ባዶ ሆዷን ስለ ወጣች ነው አልኳት። እኔም ግንባሬ ላይ ይመታኝ ነበር፤ እሱንም በእንቅልፍ እጦት አመካኘሁ። ቆመን ወርደን ነፋስ ስንቀበል ሁለታችንም ቀስ በቀስ ተሻለን። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ከመኪና ሲወርዱ የሚሻል ብርድ ምን ዓይነት ብርድ ነው?

እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝና የነገሩን አሠራር ላስረዳ፤ ክርክሬ ያለዚህ አይቆምምና። በብዙ መኪኖች ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ አንድ ማኒፎልድ ይሰበስበዋል። በቮልስ ግን ይህን ሥራ ማርሜታውና በሞተሩ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት የማሞቂያ ሣጥኖች ይካፈሉታል። የሁለቱ የኋላ ሲሊንደሮች ጭስ በቀጥታ ወደ ማርሜታው ይገባል፤ የሁለቱ የፊት ሲሊንደሮች ግን በማሞቂያ ሣጥኖቹ ውስጥ ያልፋል። ሣጥኑ በውስጡ የጭስ ቧንቧ፣ በላዩ ደግሞ የቆርቆሮ ልባስ አለው። የሞተሩ ማራገቢያ የሚገፋው አየር በቧንቧውና በልባሱ መካከል እያለፈ ይሞቅና በመኪናዋ ጎንና ጎን ባሉት ቦዮች ወደ ውስጥ ይገባል። ልብ በሉ፤ የምንተነፍሰውን አየር ከጭሱ የሚለየው አንድ ስስ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው።

የእኔ መኪና ቧንቧ ከልባሱ ሥር ተበልቶ ነበር። ጭሱ ወደ ልባሱ ይገባና ከፊሉ በልባሱ ስንጥቅ እየጮኸ ወደ ውጭ ያመልጥ ነበር። መካኒኩ የደፈነው ቧንቧውን ሳይሆን ስንጥቁን ነው። ማምለጫ ያጣው ጭስ የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ወደ እናቴ ወንበር የሚወስደው።

ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ያው ጋዝ ከመኪና ጭስ ውስጥም አለ። የከሰሉን ምድጃ ደጅ የሚያስወጣ ሕዝብ የመኪናውን ምድጃ «ድምፅ ብቻ ነው» ብሎ ከልጆቹ ጋር ይሳፈርበታል።

«የድሃ አገር ጥገና እንዲህ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይህን ምክንያት አልቀበልም። የማሞቂያ ሣጥን ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሶማሌ ተራን እግሬ እስኪነቃ ዞሬዋለሁ። ይሁን እንጂ ሣጥኑን መግዛት ያልቻለ ሰው የሙቀቱን ማንሻ ዘግቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ሰው ሳያሳፍር መቆየት ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው እውነቱን ማወቅ ብቻ ነው። እኔ ለቀለም የከፈልኩት ገንዘብ ሣጥኑን ሊገዛ ይችል ነበር። ከእኔ የጎደለው ገንዘብ አልነበረም። ከማይታየው ይልቅ የሚታየውን አስቀደምኩ።

«መካኒኩ ነው ጥፋተኛው» የሚልም አይጠፋም። ጥፋቱ አለበት። ግን ምን ብዬ ጠየቅሁት? «ድምፁን አጥፋልኝ» አልኩ፤ አጠፋልኝ። በኋላ ያየልኝ ሽማግሌ መካኒክ ነገሩን በአንድ ጥያቄ ዘጋው፦ «ልጄ፣ በሽታውን ነው ያሳከምከው ወይስ ጩኸቱን?»

ሦስተኛው ተከራካሪ ደግሞ «ለቁራሌው ሽጣትና ተገላገል» ይለኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የአሮጌዎቹ ዘመን አልፏል ባይ ነው። ለአየሩ ይበጃል፤ አልቃወምም። ነገር ግን ክልከላው አዲስ የሚገባውን እንጂ መንገድ ላይ ያለውን አያነሣም። ያለው መኪና ከበፊቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ሊጠበቅበት ነው። እንግዲህ ዛሬ በአግባቡ መጠገንን ያልተማርን መቼ ልንማር ነው?

ሽማግሌው ሥራውን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ዳዶዎቹን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥተው ሁለት ቀን ተዉአቸው። ሲፈቱም አልታገሉም፤ መጀመሪያ በጥቂቱ አጥብቀው፣ ከዚያ መልሰው፣ እንደገና ዘይት ጨምረው፣ እንዲሁ እያባበሉ አወጧቸው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኑ ብረት፤ ጉልበት የሚያሳይ ሰው ጥርሱን ይዞበት ይወጣል። ያም ሆኖ አንዱ ብሎን ተሰበረ። አልበየዱትም። መሐሉን በስተው አወጡት፤ የተበላውንም ጥርስ ቶርኖ ቤት አስጠግነው መለሱት። መገጣጠሚያውን ከጥላሸት አጠሩ፤ አራቱንም ጓርኒሲዮን ቀየሩ፤ የተበላውን ሣጥን በሌላ ተኩ። ማርሜታውንና ሣጥኖቹን መጀመሪያ ላላ አድርገው ገጠሙ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ዙሪያውን በእኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ። በኃይል አይደለም፤ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ሞተሩን አስነሥተው አሞቁት፤ እስኪበርድ ጠብቀው እንደገና ፈተሹት። በሞተሩ ዙሪያ የተቀደደውን ጎማም አልዘነጉም፤ በዚያ ክፍተት ማራገቢያው ከሥር ያለውን ጭስ ስቦ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላልና።

አራት ቀን ፈጀ። ከግማሽ ሰዓቱ ጋር አነጻጽሩት።

ይህን እዚህ፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አሮጌ ነገር ማዘንና መዘመር የእኛ ሥራ ሆኗል። ናፍቆታችን ግን እንደ እኔ ቀለም ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ከሥሩ ያለውን አያይም። የወደዱትን ነገር ሆዱን ከፍቶ አለማየት ፍቅር ሊባል አይገባውም። ከዚህ በኋላ ስለ ቮልስ ግጥም የሚልክልኝ ወዳጅ ቢኖር አንድ ጥያቄ አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ፦ ከሥሯ ገብተህ አይተሃታል?

እናቴ ዛሬም ከእኔ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። ስንነሣ ግን መስኮቷን በጣት ወርድ ያህል ዝቅ ታደርጋለች። ጭሱ መወገዱን ነግሬአታለሁ፤ ሰምታኛለች። መስኮቱን ግን አትዘጋውም። እኔም ዝጊው አልላትም።