ስላየናቸው ሦስት ፊልሞች

ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ፣ «ፊልም ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ሲሉ ደጋግመው ጠይቀውናል። ፊልም ሁሉ አንድ አይደለምና መልሱም አንድ ሊሆን አይችልም። እንጀራ እንኳ እንደ እህሉና እንደ ጋጋሪዋ ይለያያል። ስለዚህ በጅምላ ከመፍረድ ይልቅ፣ ባለፈው ወር በሦስት የእሑድ ምሽቶች ከልጆቻችን ጋራ በቤታችን ተቀምጠን ያየናቸውን ሦስት የቆዩ ፊልሞች አንሥተን፣ በልባችን ያሳደሩትን ለመንገር መረጥን። ዘመናቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ቻርሊ ቻፕሊን በ1936 ዓ.ም. ያወጣው «ዘመናዊ ጊዜ» ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ይውላል፤ ከሥራው ፈቀቅ ካለ በኋላም እጆቹ በባዶ አየር ላይ ማጥበቃቸውን አይተዉም። የምሳ ሰዓት እንዳይባክን ተብሎ ሠራተኛውን የሚያጎርስ መኪና ይመጣል፤ መኪናው ተበላሽቶ በቆሎውን በአፉ ላይ ሲያሽከረክርበት ልጆቻችን ከሣቅ ብዛት ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ። ንግግሩ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እኛም አብረን ሣቅን። ነገር ግን ማጉረስ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት መሆኑን ስናስብ፣ ፍቅር የሌለበት ጉርሻ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታየን።

ሁለተኛው ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ዓ.ም. ያወጣው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮማ ከተማ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ አንቶኒዮ የተባለ አባወራ በየግድግዳው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል። ሚስቱ የመኝታቸውን አንሶላ አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቅበታል። ከትንሹ ልጁ ከብሩኖ ጋራ ከተማውን ሲያስስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ እርሱ ራሱ የሰው ብስክሌት ይሰርቃል። ሕዝብ አባርሮ ይይዘዋል፤ ልጁም ቆሞ ያያል። ባለ ብስክሌቱ ግን ልጁን ባየ ጊዜ ራርቶ ይለቅቀዋል። የአንቶኒዮን ቦታ ይዞ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ በሙያው ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፤ ድካሙ እውነተኛ መስሎ የታየን ምናልባት ስለዚህ ይሆናል።

ፊልሙ እንዳለቀ ትንሹ ልጃችን፣ «እንግዲህ አባቱ ሌባ ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። መስረቅ ኃጢአት መሆኑን ልንሸሽገው አልወደድንም፤ ሰውዬውንም በአንድ ቃል ልንፈርድበት አልቻልንም። «አዎን፣ ሰርቋል። ልጁስ በመጨረሻ ምን አደረገ?» አልነው። ጥቂት አስቦ፣ «የአባቱን እጅ ያዘ» አለ። ከዚህ የተሻለ መልስ እኛም አልነበረንም።

ሦስተኛው የጃፓኑ ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 ዓ.ም. ያወጣው «የቶኪዮ ታሪክ» ነው። ጩኸትና ሩጫ ስለሌለበት ልጆቻችን ከእኩሌታው ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኛ ግን ከቦታችን መነሣት አቃተን። ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ከሩቅ ከተማ ከኦኖሚቺ ተነሥተው በቶኪዮ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ወንድ ልጃቸው ሐኪም፣ ሴት ልጃቸው የጠጉር ሥራ ቤት ያላት ናት። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል እንጂ። ወላጆቻቸውን የሚያስተናግዱበት ጊዜ ቢያጡ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ፍል ውሃ ይልኳቸዋል። ከልብ የምትቀበላቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ብቻ ናት። ሽማግሌዎቹ ግን አያማርሩም፤ እንዲያውም ልጆቻችን ከብዙዎች ልጆች ይሻላሉ እየተባባሉ ይጽናናሉ። እናቲቱ ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ያርፋሉ።

የእኛም እናት በአገር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሄደን ካየናቸው ሁለት ፋሲካ አልፏል። ምክንያታችን ያው ሥራ ነው። በማግስቱ ጧት ስልክ ደውለን እንዴት እንደ ሰነበቱ ብንጠይቃቸው፣ «ደኅና ነኝ፣ ልጆቼ። ለእኔ አታስቡ፤ ሥራችሁን ሥሩ» አሉን። ይህን ቃል ሁልጊዜ ይሉናል፤ እኛም እውነት ነው ብለን ተቀብለነው ኖረናል። ያን ቀን ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ዝምታ ሰማነው። አባትንና እናትን ማክበር የታዘዘ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ትእዛዙን በገንዘብና በስልክ ብቻ የፈጸምነው መስሎን እንደ ነበረ ግን አላወቅንም ነበር።

ስለዚህ ለጠየቃችሁን አንባቢዎች የምንመልሰው ይህን ነው፤ ልጆቻችሁን ከፊልም ጋራ ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሲጠይቁም አትቆጡአቸው። የፊልሙንም ጥቅምና ጉዳት ካለቀ በኋላ በምታደርጉት ነገር መዝኑት። እኛ በሚመጣው ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ወደ እናታችን እንሄዳለን። እንደምንመጣ ስንነግራቸው በመጀመሪያ የጠየቁን፣ «ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» ብለው ነበር።