አይሮፕላን መጀመሪያ ዕቃ፣ ቀጥሎ ሰው ይጫን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች የጻፍሁትን አስተያየት በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በአርባ ምንጭ ከተማ ዓሣና ፍራፍሬ በመነገድ የምተዳደር ሰው ስሆን፣ ስለ አይሮፕላን የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን ዕቃው በመንገድ ላይ እንደሚበላሽበት ነጋዴ መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ሰዎች ተሰብስበው ሲጨዋወቱ «ለየክፍሉ አገር የራሱ የሆነ አነስተኛ የአየር መንገድ ኩባንያ ቢቋቋም» የሚል ሐሳብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ወሬው ሁሉ ስለ መንገደኛ ወንበር፣ ስለ ቲኬት ዋጋና ስለ አስተናጋጆች ልብስ ሆኖ ይቀራል። ስለ ጆንያ፣ ስለ ሣጥንና ስለ ሚዛን የሚያነሣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በእኔ ግምት ግን እንዲህ ያለው ኩባንያ ሥራውን መጀመር የሚገባው ከዕቃ ጭነት ነው፤ መንገደኛው ጭነቱ ባቀናው መንገድ ተከትሎ ይመጣል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ተረት ለዚህ ጉዳይ የተተረተ ይመስለኛል።

ለዚህ አባባሌ ሩቅ አገር ሳልሄድ የራሳችንን ታሪክ ምስክር እጠራለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካን ኩባንያ ጋራ በተደረገ ውል ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ሥራውን የጀመረባቸው አይሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፣ ለወታደርና ለስንቅ ማመላለሻ የተሠሩ ሲ-47 የሚባሉ ነበሩ። በውስጣቸው የነበረው መቀመጫ በግራና በቀኝ ግድግዳቸው ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ ሲሆን፣ መካከሉ ለዕቃ የተተወ ነበር። በዚያን ዘመን የተጓዘ መንገደኛ ከጉልበቱ ፊት የታሰረውን ጭነት እያየ ይበር ነበር ማለት ነው። ማንም ይህን እንደ ውርደት አልቈጠረውም፤ ጭነቱ የነዳጁን ወጪ ካልተካፈለ እርሱም እንደማይበር ያውቅ ነበርና።

መኪና በማይደርስበት አገር፣ በሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ቡናና ቆዳ ያመላለሱትም እነዚሁ አይሮፕላኖች ናቸው። ከድሬዳዋ ወደ ዓደን ይሻገር የነበረውን ጫትም ማስታወስ ይቻላል። ጫትን የማመሰግን ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ከተቆረጠ ጥቂት ቀን ካለፈው ዋጋ የሌለው ዕቃ በመሆኑ፣ አይሮፕላን ለምን ዓይነት ጭነት እንደሚጠቅም ከእርሱ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ከዚያ በኋላ ነው ኮንቬርና ዲሲ-6ቢ የተባሉት የተሻሉ የመንገደኛ አይሮፕላኖች የመጡት። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 720ቢ የተባለው ጄት ሲገባ፣ የልደታ ሜዳ ስለማይበቃው ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ያ ሁሉ ዕድገት የጆንያ ልጅ ነው ለማለት አልደፍርም፤ መንግሥትም፣ ትምህርትም፣ የሠራተኛው ትጋትም አለበት። ነገር ግን ድርጅቱ በእግሩ ለመቆም በሚጣጣርበት ጊዜ መንገደኛውና ጭነቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እየተጋገዙ እንደኖሩ የሚክድ የለም።

ይህም የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ የዓለምን በር በዘጋ ጊዜ፣ መንገደኛ ጠፍቶ በየአገሩ ያሉ የአየር መንገድ ኩባንያዎች አይሮፕላኖቻቸውን አቁመው የመንግሥታቸውን ካዝና ሲለምኑ ታይተዋል። የእኛው አየር መንገድ ግን ከዕቃ ማመላለሻዎቹ ሌላ፣ ከብዙ የመንገደኛ አይሮፕላኖቹ ውስጥ ወንበሩን እየነቀለ መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ጫነባቸው፤ አዲስ አበባም ለአፍሪካ አገሮች የሚላከው እርዳታ ማከፋፈያ ሆነች። ስለዚህ ጭነት ለጀማሪ ድርጅት መወጣጫ፣ ለትልቅ ድርጅት ደግሞ በክፉ ቀን መጠጊያ መሆኑን በዓይናችን አይተናል።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ዛሬ ካቴይ ፓሲፊክ የሚባለው የሆንግ ኮንግ አየር መንገድ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሥራቾቹ ሮይ ፋረል የተባለ አሜሪካዊና ሲድኒ ደ ካንትዞ የተባለ አውስትራሊያዊ ናቸው። አስቀድሞ የነበረው ሥራ በአንድ ያገለገለ ዲሲ-3 አይሮፕላን በአውስትራሊያና በሻንጋይ መካከል ሸቀጥ ማመላለስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዕቃ በጠፋበት አገር ዕቃ ያደረሰ ሰው እንደሚያተርፍ ግልጽ ነው። ንግዱ ሲሰፋ መንገደኛ ተጨመረ፤ መንገደኛው ሲበዛ ኩባንያው ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ። «ቤትሲ» ይሏት የነበረችው ያች የመጀመሪያዋ አይሮፕላን ዛሬ በሆንግ ኮንግ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅላ ትታያለች።

አሁን ይህ ለምን እንደሚሆን በነጋዴ ሒሳብ ላስረዳ። ሃምሳ መንገደኛ ለማግኘት ሃምሳ ሰው ማሳመን ያስፈልጋል፤ አምስት ቶን ጭነት ለማግኘት ግን አምስት ነጋዴ ማዋዋል ሊበቃ ይችላል። ሣጥን በሌሊት አስነሣችሁኝ ብሎ አይቈጣም፤ ምግብም መኝታም አይጠይቅም። ስለዚህ አዲስ ኩባንያ በጥቂት ወጪ መንገዱን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የሜዳውን ሁኔታና የገበያውን ወራት ለመማር ጊዜ ያገኛል።

ነገር ግን ጭነት አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ እርሱም ሄዶ አለመመለሱ ነው። ዓሣ ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ አይመጣም። አይሮፕላኑ ባዶውን ሲመለስ የበላውን ነዳጅ የሚከፍለው ያው የሄደው ዓሣ ይሆናል። ሰው ግን የሄደ ይመለሳል። እንግዲህ ኩባንያው ከጭነት ወደ መንገደኛ እንዲያድግ የሚያስገድደው የባለቤቱ ምኞት ሳይሆን ይህ የመመለሻው ባዶነት ነው። መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የመጻሕፍት ጥቅልና በሽተኛውን አሳክሞ የሚመለስ ዘመድ ባንድነት ሲሳፈሩ ሒሳቡ ይደላደላል። ዕድገት የምለው ይህንን ነው።

አንዳንድ ሰዎች «በአይሮፕላን የተጫነ ዕቃ ዋጋው ስለሚወደድ ድኻውን አይጠቅምም፤ የጭነት መኪና ይሻለናል» ይላሉ። እኔም በከፊል እስማማለሁ። የአርባ ምንጭን ሙዝ በአይሮፕላን ይጫን የሚል ሰው ሒሳብ አያውቅም፤ ሙዝ ከባድ ነው፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ጥሬውን ተቆርጦ በመንገድ ሳለ ይበስላል። የመኪና ዕቃ ነው። ከዓባያና ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ግን ሌላ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ሲለይ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ዕድሜውም በሰዓት የሚቈጠር ይሆናል። በአየር አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ጉዞ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። በአንድ የክረምት ወራት የላክሁት ዓሣ የጫነው መኪና በመንገድ ተሰብሮ ሲያድር፣ በረዶው ቀልጦ ዓሣው በሙሉ ተጥሏል። የሹፌሩ ጥፋት አልነበረም። ከእኔ ኪሣራ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የአጥማጆቹ ነገር ነው፤ ሌሊቱን በሐይቅ ላይ በጀልባ ያደሩ ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ከእኔ ዋጋ ሲቀንስባቸው፣ የተሰበረውን መኪና አላዩትም። የኪሣራው ዕዳ ሁልጊዜ የሚወርደው ወደ ታች ነው። ስለዚህ ጥያቄው አይሮፕላን ወይስ መኪና የሚል ሳይሆን፣ የትኛው ዕቃ ለየትኛው የሚል መሆን አለበት።

ሌሎች ደግሞ «የመንገደኛ አይሮፕላን ቦታ ሲኖረው ዕቃ ይጭን የለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይጭናል፤ የተረፈ ቦታ ግን ቀን አይቆርጥም። ዛሬ የሻንጣው ብዛት ቦታውን ቢሞላው ዓሣው ነገ ይሂድ ሊባል ነው፤ ነገ ደግሞ ዓሣው ዓሣ አይሆንም። ነጋዴ ውል የሚገባው ቀኑ በታወቀ ቦታ ላይ እንጂ በትርፍራፊ ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ግዴታዬ ነው። ከጭነት ወደ መንገደኛ ማደግ ማለት ሰውን በጆንያ ላይ አስቀምጦ ማብረር ማለት አይደለም። የ1938 ዓ.ም. አግዳሚ ለዘመኑ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ አይበቃም። የበሰበሰ ዓሣ በገንዘብ ይተካል፤ የሰው ነፍስ ግን አትተካም። ስለዚህ በጭነት ያተረፈ ኩባንያ ሁሉ ነገ መንገደኛ ልጫን ቢል፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የአብራሪዎቹን ልምድ፣ የጥገናውን መዝገብና የመቀመጫውን ደኅንነት አንድ በአንድ ሳይመረምር ፈቃድ መስጠት አይገባውም። የጭነቱ ዘመን ለኩባንያው የፈተና ዘመን ይሁንለት፤ ሣጥን በቀኑና በሰዓቱ ማድረስ ያልቻለ፣ ሰው አደርሳለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

እንግዲህ የሚመለከታቸውን ሁሉ የምለምነው ይህን ነው። አንደኛ፣ በየክፍሉ አገር ባሉት የአይሮፕላን ማረፊያዎች የዕቃ ማቆያ፣ ትክክለኛ ሚዛንና የማቀዝቀዣ ክፍል በሌለበት ይሠራ፣ ባለበትም ይጠናከር። ጌጠኛ የመንገደኛ አዳራሽ ተሠርቶ ለአንድ ሣጥን ዓሣ ጥላ ከታጣ፣ ቤት ሠርቶ ጎተራ እንደ መርሳት ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚፈልጉ ባለ ገንዘቦች በሳምንት ሁለት ቀንም ቢሆን የማይታጠፍ ቀን ቆርጠው፣ የጭነቱን ዋጋ በኪሎ በግልጽ ያሳውቁ። ከብዙ የተሰረዘ በረራ ጥቂት የታመነ በረራ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ እኛ ነጋዴዎችና የአጥማጆች ማኅበራት እያንዳንዳችን ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ይዘን ከመሮጥ፣ ተባብረን በወራት የሚቈጠር ውል እንግባ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የኖረው እንዲህ ላለው ቀን ነው። አይሮፕላኑ አልመጣም ብሎ ከመውቀስ በፊት፣ ቢመጣ የሚጭነውን አዘጋጅተን መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ይህ የአርባ ምንጭ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አደራ። የአሶሳ ማንጎ፣ የጋምቤላ ዓሣ፣ የጅማና የካፋ ማር የሚሉት ሁሉ ተመሳሳይ ሒሳብ አላቸው። ሁሉም በአየር ይሂድ አልልም፤ ከእያንዳንዱ የትኛው ክፍል የነዳጁን ዋጋ እንደሚችል ተመዝኖ ይለይ ነው የምለው።

መንገደኛው ዘመዱን ለመጠየቅ፣ በሽተኛው ሐኪም ለማግኘት በቀላል ዋጋ የሚሳፈርበትን ቀን እኔም እንደማንኛውም ሰው እናፍቃለሁ። ያ ቀን ፈጥኖ የሚመጣው ግን ወንበር በመደርደር ሳይሆን ሣጥን በመጫን ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር፣ የእርሱን ሒሳብ በዚሁ ዓምድ ላይ አቅርቦ ቢያስተምረኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋራ፣

አንድ የዓሣና የፍራፍሬ ነጋዴ
ከአርባ ምንጭ