በሌላ ስም ሲጠራሽ

የተወደድሽ እኅቴ፣ ባለቤትሽ አንድ ማለዳ ነቅቶ በእኅቱ ስም ቢጠራሽ ምን ይሰማሻል? ውሃ ፈልጎ "በር" ቢልሽስ? (ወንድሜ፣ አንተም አንብበው፤ ሚስትህንም ሊገጥማት ይችላል።)

እዚህ አዘዞ፣ በጸሎት ቡድናችን ያለች አንዲት እናት ይህ ደርሶባታል። ባሏን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ፣ ቃልም ጠፋበት። ጠያቂው ሁሉ በፊቱ ስለ እርሱ ያወራ ነበር። "አእምሮው ሄዷል" ያለ አለ፤ "የዱዳ መንፈስ ነው" ያለም አለ። ለመገሠጽ ከቸኮሉት አንዷ እኔ ነበርሁ፤ አልደብቅም።

ሐኪሞች ይህን አፌዥያ ይሉታል። በአብዛኛው ሰው ቋንቋ የሚሠራው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ያ ክፍል ደም ሲቋረጥበት፣ ወይም በመኪና አደጋና በዱላ ምት ሲጎዳ፣ ሰው ሐሳቡ እያለው ቃሉን ያጣል። ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ሰዎች አንዱን ገደማ ያገኘዋል። በ1861 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የመረመረው ሰው የሚነገረውን ይረዳ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን "ታን" የሚል ድምፅ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ደግሞ ንግግሩ ይፈስሳል፣ ትርጉም ግን የለውም።

ዘካርያስ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ የልጁን ስም በሰሌዳ ጻፈ። እኛም ይህን አስበን ለወንድማችን ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠነው። በግራ እጁ ይዞ ቆየና አለቀሰ። ለካ አፌዥያ ብዙ ጊዜ መጻፍንም ይወስዳል!

በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጥቂት ስለሆነ ብዙው ሥራ በሚስቱ ላይ ወደቀ። ሬዲዮውን ትዘጋለች፤ አጭር ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ስኒና ቁልፍ አሳይታ "የትኛውን?" ትለዋለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ቃሉን ከአፉ አትነጥቅም። ይህ ከሁሉ ከብዷት ነበር። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይፈጥናል፤ ከዓመታት በኋላም ግን ይቀጥላል።

አንድ እሑድ ጉባኤው ሲዘምር እርሱም የቆየ መዝሙር በቃሉ ዘመረ። "ተፈወሰ!" ብለን ማይክራፎን ሰጠነው። አንዲት ቃል አልወጣውም፤ አንገቱን ደፋ። ዜማን የሚያግዘው በአብዛኛው ቀኙ አንጎል ስለሆነ፣ መናገር ያቃተው መዘመር ይችላል። እባካችሁ፣ አብራችሁት ዘምሩ እንጂ መድረክ ላይ አታውጡት።

የሰው አፍ በድንገት ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል ወይም ንግግሩ ሲተበተብ ካየሽ፣ በመንገድ ላይ እየጸለይሽ ወዲያው ሆስፒታል አድርሺው።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ቡና ጠጣን። አሁን "ውሃ" ይላል፣ "ነይ" ይላል። ሚስቱን ግን ዛሬም በእኅቱ ስም ጠራት።

"አቤት" አለችው፣ ከጓዳ።